የመቶ ሰው ትእዛዝ እንዴት እንደተቀበረ

ታንጉት አሁን ከአጠገቤ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች። ስለዚህ የጎተራውን ነገር ያለ ንዴት መናገር እችላለሁ። ያለ ንዴት ስል በትንሽ ንዴት ማለቴ ነው። እሷ ራሷ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ላይ የከረምኩት እኔ፣ የምትቆጣው አንተ" እያለች ትስቅብኛለች። ሚስቴ ናት፣ ትሳቅ። ወርዳለችና የፈለገችውን ትበል።

የከተማችንን ስም አልጽፍም። የሚደበቅ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ስም አውጪው ጉባኤ ከአያቴ ዘመን ጀምሮ ስብሰባ ላይ ስለሆነ ነው። እኛ "ከተማው" እንላለን። ሌላ ከተማ ስለማናውቅ እስከ ዛሬ አልተቸገርንም።

መሃል አደባባዩ ላይ ጎተራችን አለ። የዓመት እህላችን ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ የቆመውም በአንድ ረጅም ምሰሶ ላይ ነው። እንግዳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ "ምነው በአራት ምሰሶ ብታቆሙት?" ብሎ ነው። አባቶቻችን በአራት ሊያቆሙት ተነስተው ነበር። ግን አራቱ ሰፈሮች የማን ምሰሶ ቀድሞ ይተከል በሚለው ሰባት ዓመት ተጣሉ። በስምንተኛው ዓመት አይጥ እህሉን ልትጨርሰው ስትል፣ ማንም እንዳይከፋው የማንም ያልሆነ አንድ ምሰሶ መሃል ላይ ቆመ። ከሥሩ የተደረገለትም ድቡልቡል ድንጋይ ነው፤ ጠፍጣፋው ድንጋይ የአንዱ ሰፈር ነበራ። በዚህ ሁኔታ ሰላም ወረደ። ጎተራው ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ በራሱ ቆሞ አያውቅም፤ ካልያዙት ይወድቃል።

የምንይዘው በሁለት ገመድ ነው። አንደኛው ወደ ፀሐይ መውጫ ይወርዳል፣ ሌላው ወደ ፀሐይ መግቢያ። በየገመዱ አሥራ ሁለት ሳቢ አለ። ጎተራው ወደ መውጫ ሲያጋድል እኛ መግቢያዎቹ እንስባለን፤ ወደ እኛ ሲያጋድል መውጫዎቹ ይስባሉ። እኔ ከመግቢያዎቹ ሦስተኛው ሳቢ ነኝ። አሥራ ሦስተኛ ሰው ከተጨመረ ገመዱ ይበጠሳል። ይህን ያወቅነው ከመጽሐፍ አይደለም። አሥራ ሦስተኛው ሰው አጎቴ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት።

ከጎተራው ወለል ሥር ደግሞ ግንበኛ ግድግዳ የሚያይበት ዓይነት ቱምቢ በረጅም ክር ተንጠልጥሏል። ከቱምቢው በታች መሬቱ ላይ ነጭ ድንጋይ በክብ ተደርድሯል። ቱምቢው ነጩን ድንጋይ አልፎ ከወጣ፣ አሥራ ሁለት ሰው ደም ቢተፋ ጎተራውን አይመልሰውም። ይህንንም ከመጽሐፍ አላወቅነውም። ከዚህ በፊት ሌላ ጎተራ ነበረን።

ቱምቢውን የሚጠብቁት እትዬ አዛለች ናቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማይስት ሴት። ቱምቢው የት እንዳለ በየጊዜው ይጣራሉ፤ "ወደ መውጫ ሁለት ክንድ"፣ "ወደ መግቢያ አንድ ስንዝር" እያሉ። የት እንዳለ እንጂ ወዴት እየሄደ እንደሆነ መናገር አልተፈቀደላቸውም። ወዴት እየሄደ ነው ማለት ትንቢት ነው፤ ትንቢት ደግሞ የሌላ ክፍል ሥራ ነው። ያ ክፍል ሠራተኛ አልተቀጠረለትም።

የእትዬ አዛለችን ጥሪ ሰምተው የሚያዝዙት ሊቀ ዘንበል ናቸው። ይህ ትልቅ ሹመት ነው። ሊቀ ዘንበል "የአራት ሰው ስበት፣ መግቢያ" ካሉ ነጋሪት አንዴ ይመታል፣ ከእኛ አራቱ ይስባሉ። ድሮ የነበሩት ሊቀ ዘንበል ጉሮሯቸው ደካማ ስለነበር "ሁለት"፣ "ሦስት" እያሉ ኖረው አረፉ። በእሳቸው ዘመን ጎተራው እምብዛም ሲወዛወዝ አይታይም ነበር፤ ስለዚህ ምንም አልሠሩም ተብሎ ሐውልት ተከለከሉ።

ከእሳቸው በኋላ የተሾሙት ሊቀ ዘንበል መኩሪያው ናቸው። ድምፃቸው ያስተጋባል። በመጀመሪያው ቀን እትዬ አዛለች "ወደ መውጫ አንድ ክንድ" ሲሉ፣ ሊቀ ዘንበል ካባቸውን አስተካከሉና፣ "የአርባ ሰው ስበት፣ መግቢያ" ብለው አዘዙ። እርስ በርስ ተያየን። አሥራ ሁለት ነን። የገመዱ አለቃ፣ "ጌታዬ፣ ሦስት ሰው ይበቃው ነበር" ሲላቸው፣ "በሦስት ሰው ማዘዝ ለሹመቱ ውርደት ነው" አሉት።

አሁን አንድ ልማዳችንን መናገር አለብኝ፤ መከራው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነውና። በእኛ ከተማ ትእዛዝ አይሞትም። የታዘዘ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይፈጸማል። አርባ ሰው ተብሎ አሥራ ሁለት ብቻ ከሳበ፣ ሃያ ስምንቱ ቀሪ ይባላል። ለያንዳንዱ ቀሪ አንድ ጠጠር በእንቅብ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ነጋሪት በተመታ ቁጥር፣ ጎተራው የትም ይሁን የት፣ እንቅቡ ባዶ እስኪሆን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየሳብን እንጨርሳለን። ልማዱ የቆየ ነው፤ ግን በድሮው ሊቀ ዘንበል ዘመን ቀሪ የሚባል ስላልነበረ እንቅቡ ውስጥ ዶሮ ትታቀፍበት ነበር።

የእንቅቡ ጠባቂ ጋሽ ሰጥአርጌ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እኚህን ሰው አልወዳቸውም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድም ቀን ፈገግ ሲሉ አላየኋቸውም። ዋሽተውም አያውቁም። ዶሮዋን አስነስተው ጠጠሩን አንድ በአንድ ቆጥረው ከተቱ።

እንግዲህ የሆነውን ማንም ይገምተዋል። ጎተራው ከመውጫ ወደ ልኩ ተመለሰ። እኛ ግን ገና ሃያ ስምንት ቀሪ አለብን። ልኩን አልፎ ወደ እኛ ሲመጣ እያየን፣ በላያችን ላይ እየጎተትነው፣ ሳብን። ወደ መግቢያ ሁለት ክንድ አጋደለ። ሊቀ ዘንበል "አመፀኛ ጎተራ" አሉና መውጫዎቹን በሃምሳ ሰው አዘዙ። መውጫዎቹም ቀሪያቸውን እስኪጨርሱ ሳቡት፣ ከበፊቱ ርቆ ሄደ። እኛ ደግሞ በስልሳ ታዘዝን። በወሩ ጎተራው እንደ ሰካራም ከወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። ከሥሩ ያሉ ባለሱቆች ሚዛናቸውን አዩና የማይታመን ሆኖ ስላገኙት ዋጋ በድምፅ ብልጫ ይወስኑ ጀመር። ሊቀ ዘንበል በሥራ ብዛት ከሱ፤ ሐውልታቸውም ተጀመረ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሐውልቱ አልነበረም። ታንጉት የጎተራው ሰፋሪ ናት። ሰኞ ጠዋት ወጥታ እህል እየሰፈረች በገመድ ታወርዳለች፣ ቅዳሜ ትወርዳለች። መሰላል የሚቆመው ግን ጎተራው ጸጥ ሲል ብቻ ነው፤ ሕጉም "አንድ ሰው ቁርሱን በልቶ እስኪጨርስ ቱምቢው ከልኩ ካልተነቃነቀ" ይላል። አለዚያ መሰላሉ ይሰበራል፣ ሰው ይሞታል፤ ሕጉ ደግ ነው። ታንጉት ሊቀ ዘንበል መኩሪያው የመጀመሪያ ትእዛዛቸውን ከመስጠታቸው በፊት፣ ሰኞ ጠዋት፣ በመጨረሻው ጸጥታ ወጣች። በዚያው ቅዳሜ ቱምቢው አንድ ጉርሻ እስክውጥ እንኳ አልቆመልኝም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልቆመም።

ትዳራችን በጩኸት ሆነ። እኔ ከታች፣ እሷ ከላይ። "ደምለው፣ በጉን አጠጣኸው?" ትላለች፤ አደባባዩ ሁሉ ይሰማል። "አጠጥቻለሁ" ስላት ጎረቤቶቼ፣ "ኧረ አላጠጣም፣ ይዋሻል" ይሏታል። አንድ ቀን ተኮራርፈን ነበር፤ ይቅር የተባባልነው በአራቱም ሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ነው፤ ሳንጠራቸው ነው የሰሙት። በቀልድ አልፈው ነበር እንጂ፣ ማታ ማታ ቤት ገብቼ የሷን ነጠላ አጥፌ መልሼ እዘረጋው ነበር። ነፋሱ የሚጀምርበት ወር እየቀረበ ነበር። ነፋስ ሲጨመርበት ቱምቢው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ የትንቢት ክፍል አያስፈልግም።

በሰባተኛው ሳምንት ሊቀ ዘንበል ቢሮ ገባሁ። ተነስተው ተቀበሉኝ፤ ክፉ ሰው አይደሉም።

"ጌታዬ፣ ሚስቴ ላይ ከቀረች ሰባት ሳምንቷ ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ፤ በጉን እንዳላጠጣህም ሰምቻለሁ" አሉ። "በጣም ነው የማዝነው። ምን ላድርግልህ?"

"ትንሽ ቢያዝዙ ብዬ ነው። ሦስት ሰው፣ አራት ሰው። እሱም ገና ብዙ ሳያጋድል።"

ካባቸውን አስተካከሉ። "ደምለው፣ አንተ ሚስትህ ላይ ሆና በትንሹ ይሁን ትላለህ? እኔ አልጨክንባትም። ከነገ ጀምሮ በመቶ ሰው አዝዛለሁ።"

"ጌታዬ፣ እኛ አሥራ ሁለት ነን።"

"እሱ የእናንተ ጉድለት ነው እንጂ የትእዛዙ አይደለም" አሉ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሸኙኝ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይሄ ነው። ለሚስቴ ላማልድ ሄጄ ከስልሳ ወደ መቶ አስጨምሬ ወጣሁ። ታንጉት ከላይ ስትሰማ መስኮቱን ዘጋችው። እሷ መስኮት ስትዘጋ አልወድም።

ወጥቼ እትዬ አዛለች ዘንድ ሄድኩ፣ ነደድኩባቸው። "እርስዎ ያያሉ፣ ምናለ ቢናገሩ?" አልኳቸው። ከሙቀጫቸው ውስጥ ዘነዘናውን አንስተው በመዳፋቸው ላይ ቀጥ አድርገው አቆሙት። መዳፋቸው እዚህች እዚያች ትላለች፣ ዘነዘናው አይወድቅም።

"ያዝ እስቲ አንተ" አሉኝ። ያዝኩ። ዘንበል ሲል እጄን ወረወርኩ፤ ዘነዘናው እግሬ ላይ ወደቀ። ሲያመኝ ጊዜ ሳቁ።

"የት እንዳለ አየህ፣ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አላየህም" አሉ። "ገና ሲነሳ ነካ ብታደርገው ጣት ይበቃው ነበር። እየተመለሰልህ ሳለ ደግሞ ጉልበትህን አልቀነስክም። ልጄ፣ ትንሽ ጉልበት ያለው ሰው ቀድሞ ማየት አለበት። ሊቀ ዘንበል ብዙ ጉልበት ያላቸው ይመስላቸዋል፤ ያላቸው ግን ብዙ ድምፅ ነው።"

"ታዲያ ይንገሯቸዋ።"

"ተናግሬያለሁ። ትንቢት ነው ተብዬ የአንድ ቀን ቀለብ ተቀጣሁ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የአናጺዎቹ አለቃ የሞቱ ዕለት ትዝ ይልሃል? ያን ቀን ቱምቢው እንዴት ያለ ጨዋ ነበር።"

ትዝ ይለኛል። በከተማችን ሞት ሲነገር ሁለት ነገር ይደረጋል። በእጁ ነገር የያዘ ያስቀምጣል፤ እጁ ባዶ የነበረ ሬሳውን ይሸከማል። ምንም ሥራ ላይ ቢሆን ነው፤ ወጥ ቢያርም፣ ላም ግማሽ ብትታለብም። የአናጺዎቹ አለቃ ሲሞቱ ሠላሳ ቀሪ እየሳብን ነበር፤ ገመዱን ለቀን "ነፍስ ይማር" አልን። ጎተራው ልኩ ላይ በዝግታ ደርሶ፣ በየገመዱ ሁለት ሁለት ሰው ብቻ ነካ ሲያደርገው፣ እዚያው አካባቢ ሲልመጠመጥ ዋለ። ሊቀ ዘንበል "ለሟቹ ክብር ነው" ብለው አስረዱን፣ በማግስቱ ቀሪያችንን ሳብን። ለካ እትዬ አዛለች ያን ጊዜ ሁሉን አይተው ኖሯል።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ዓርብ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ነፋሱ መጣ። ገበያው ሙሉ ነበር። ጎተራው ወደ መውጫ ሦስት ክንድ ሄደ። ሊቀ ዘንበል "የመቶ ሰው ስበት፣ መግቢያ" አሉ። ነጋሪት ተመታ፣ አሥራ ሁለታችን ሳብን፤ ጋሽ ሰጥአርጌ ሰማንያ ስምንት ጠጠር ከተቱ። ጎተራው ቶሎ አልመለስ ሲላቸው እንደገና "መቶ" አሉ። ሁለተኛ እንቅብ መጣ። በሦስተኛው ነጋሪት ጎተራው መመለስ ጀመረ። ሊቀ ዘንበል ይህን አይተው ደስ አላቸው፣ "አያችሁ?" አሉና ምሳቸውን ሊበሉ ሄዱ።

በአራተኛው ነጋሪት ልኩን አለፈ፣ ነፋሱም ዞሮ ወደ እኛ ይገፋው ጀመር። በአምስተኛው፣ "ወደ መግቢያ አንድ ክንድ" አሉ እትዬ አዛለች። በእንቅቦቹ ውስጥ መቶ አርባ ጠጠር ቀርቷል። ሊቀ ዘንበል ምሳ ላይ ናቸው፤ መውጫዎቹን የሚያዝዝ የለም። መውጫዎቹ ትእዛዝ ስለሌላቸው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ያዩናል። ነጋሪት መቺው ይመታል። እኛ እንስባለን። ሚስቴን በገዛ እጄ ወደ ነጩ ድንጋይ እየጎተትኳት ነበር።

"ሁለት ክንድ" አሉ እትዬ አዛለች።

ታንጉት ከላይ በመስኮቱ ብቅ አለች። አልጮኸችም። ከዚያ ርቀት እንዴት እንደሰማሁት አላውቅም፤ "ደምለው፣ ልቀቀው" አለች።

ቀሪ እያለ ገመድ የለቀቀ ሰው ከከተማው ይወጣል፤ አይመለስም። ገመዱን ብለቅም አላያትም፣ ብስበውም አላያትም። እጄ ራሱ ወሰነ፣ ለቀቅኩ። አሥራ አንዱ አሁንም ይዘዋል፤ ፊታቸው ሁሉ ወደ መሬት ነው። ዞሬ ጋሽ ሰጥአርጌን አየሁ። ለገመድ ለቃቂ የሚሆን ጥቁር ጠጠር ኪሳቸው ውስጥ አለ፤ እሱን ሊያወጡ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ ግን መሃል ላይ መለሱት። ሎሌ ጌታው አልጋ ላይ ጎንበስ እንደሚል፣ እንቅቡ ላይ ጎንበስ አሉ። አንድ ጠጠር አንስተው በመዳፋቸው ያዙት፣ ጠበቁ። ከዚያ መልሰው በቀስታ አስቀመጡትና፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበርጩማቸው ተነስተው ጋቢያቸውን በኀዘን አዘቀዘቁት።

"አረፈ" አሉ።

ነጋሪት መቺው በትሩ በአየር ላይ ቀረ። "ማን?"

"ትእዛዙ። አሁን፣ በእጄ ላይ።"

ጋሽ ሰጥአርጌ ዋሽተው አያውቁም። አሥራ አንዱ ሰዎች ገመዱን እንደ ትኩስ ብረት ጣሉና፣ "ነፍስ ይማር" አሉ። እኔም ገመድ የለቀቅኩት ለቅሶ ላይ ሆነ፤ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ ተባልኩ እንጂ ማንም አልወቀሰኝም። ማዶ ያሉት መውጫዎች ደግሞ እጃቸው ባዶ ነበር። እጁ ባዶ የሆነ ይሸከማል። የሚሸከሙት ሬሳ ቢፈልጉ አጡ፤ ፊት ለፊታቸው ያለው ገመድ ብቻ ነው። እሱን ተሸከሙ።

እትዬ አዛለች ያን ጊዜ በሕይወታቸው አይተው ያልተናገሩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተናገሩ። "እየሄደ ነው፣ ወደ ነጩ ድንጋይ እየሄደ ነው፣ አሥራ ሁለታችሁም" አሉ። መውጫዎቹ ሳቡ። ቱምቢው ይሄዳል፣ ግን እየሰነፈ። "ያዙት፣ እየደከመ ነው፣ ያዙት።" ከነጩ ድንጋይ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ነፋሱ ላፍታ ጋብ አለ፣ ቱምቢው እንደማፈር ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ።

"ስምንት ሰው" አሉ። "አሁን አምስት። እየመጣ ነው፣ ተዉት ሁለት ብቻ።" ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። "መግቢያዎች፣ ልኩ ላይ ሳይደርስ፣ ሁለታችሁ በቀስታ ያዙት።" ሁለት ሰው ያዘ። ጎተራው ልኩን በአንድ ክንድ ብቻ አለፈ፣ ተመለሰ፣ በስንዝር አለፈ። ከላይ የታንጉት ድምፅ መጣ፦ "ማነው የሞተው?" ነገሯት። "ኧረ እግዜር ይማረው" አለች።

ሊቀ ዘንበል ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ሲመለሱ አደባባዩ ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር። አልቃሿ ጀምራለች፦

"መቶ ሰው ብለውህ ከአፋቸው ስትወጣ፣
አሥራ ሁለት ነበርን፣ ቀሪውን ማን ያምጣ።"

"ማን ሞተ?" አሉ።

"ትእዛዝዎ፣ ጌታዬ" አሉ ጋሽ ሰጥአርጌ። "ከመቶ አርባ ቀሪው ጋር።"

"ትእዛዝ አይሞትም።"

"እኛም እንደዚያ ነበር የምናውቀው። ድንገት ነው።"

ሊቀ ዘንበል አፋቸውን ለቁጣ ከፈቱ። ግን በለቅሶ ቤት ክርክር ነውር ነው፤ ደግሞም ትእዛዙ ከእሳቸው የወጣ ስለሆነ የመጀመሪያው ኀዘንተኛ እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ተነስተው አንድ በአንድ፣ "እግዜር ያጥናዎት" አሏቸው። ሴቶቹ ወንበር አቀረቡላቸው። ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው፣ እውነት እላችኋለሁ፣ አለቀሱ። መቶ ሰው ብሎ ጠርቶ ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ብቻ የመጣለት ሰው፣ ሆዱ ውስጥ ብዙ ነገር ተጠራቅሞ ይኖራል። አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ ከጉዳዩ ጋር ባይሄድም አዘንኩላቸው።

ኀዘንተኛ ደግሞ አርባ ቀን አያዝዝም። በነዚያ አርባ ቀናት እትዬ አዛለች ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይጣራሉ፣ የሚበቃው ሰው ይስባል፤ አንዳንድ ቀን ከአንድ ሰው በላይ አላስፈለገም። አንዳንድ ቀን እኔ ካርታ ስጫወት ዋልኩ። የከተማው ጉባኤ ነገሩን መርምሮ ሲጨርስ ጎተራውን ያረጋጋው የሊቀ ዘንበል ጥልቅ ኀዘን ነው ብሎ ጻፈ፣ ሐውልቱም አንገቱን እንደደፋ እንዲቀረጽ ተወሰነ። ማንም አልተቃወመም። አሁንም ሊቀ ዘንበል አንዳንዴ፣ በተለይ እንግዳ ሲኖር፣ "የስልሳ ሰው" ይላሉ። እኛ አሥራ ሁለቱን እንስባለን፤ የቀረው እዚያው ያርፋል፣ ጋሽ ሰጥአርጌ "ነፍስ ይማር" ብለው ይቀብሩታል። እንቅቡ ውስጥ ዶሮዋ ተመልሳለች። ጋሽ ሰጥአርጌን ስለዚያ ጥቁር ጠጠር ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፣ አፍሬ ተውኩት። በበዓል በግ ሳርድ የመጀመሪያው ብልት የሳቸው ነው።

የታንጉትን መውረድ ለመጨረሻ አስቀርቼው ነው። በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ አዛለች ቱምቢውን አይተው ወደ እኔ ዞሩና፣ "ቂጣህን ይዘሃል?" አሉኝ። ለአሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ በየቅዳሜው ይዤ ስመጣ የነበረውን ቂጣ ያን ቀን እንኳ በልማድ ኪሴ ከትቼው ነበር። ከጎተራው ሥር አስቀመጡኝ። ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ለዚህ ቀን ፈጥኜ መብላት ስለማመድ ነው የከረምኩት፤ ግማሽ ቂጣ በአራት ጉርሻ እጨርስ ነበር። ያን ጊዜ ግን ቂጣው አልወርድ አለኝ። አኝካለሁ፣ እንባዬ ይመጣል። ቱምቢው አይነቃነቅም። ሰዉ ሁሉ አፌን ያያል።

"በላ?" ይላል ከኋላ አንዱ።

"አልጨረሰም" ይላሉ ጋሽ ሰጥአርጌ።

ታንጉት በመስኮቱ ተንጠላጥላ፣ "ደምለው፣ አንተ ሰውዬ፣ ዋጥ እንጂ" አለች። ገበያው ሳቀ። እኔም እየሳቅኩ ነው የመጨረሻዋን የዋጥኳት። በከተማው ታሪክ እንደዚያ የረዘመ ቁርስ አልነበረም ይላሉ፤ ጎተራውም ሙሉውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ጠበቀኝ።

መሰላሉ ቆመ። ወረደች። ከስታለች፣ ፀጉሯ በእህል አቧራ ነጥቷል። እግሯ መሬት ሲነካ ግን ወደ ጎን ሄደች። ያን ሁሉ ጊዜ የሚወዛወዝ ወለል ላይ ስለኖረች የቆመ መሬት አላስቆም አላት። ወደ ግራ ስታጋድል ደንግጬ ክንዷን በሁለት እጄ ያዝኩና ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ቀኝ ሳብኳት። በቀኝ በኩል ልትደፋ ምንም አልቀራት። በዚያ ስይዛት ወደ ግራ፤ ሁለታችንም ልንወድቅ ስንል የመሰላሉን እግር ይዛ ቆመች።

"እስካሁን የጎተታችሁኝ አይበቃም?" አለችኝ፤ እየሳቀች፣ እያለቀሰችም። "አትሳበኝ። ሳጋድል ብቻ ነካ አድርገኝ።"

እሺ አልኳት። በአደባባዩ፣ በድንኳኑ አጠገብ፣ በባለሱቆቹ መሃል አልፈን ሄድን። ወደ እኔ ስትመጣ ትከሻዋን ነካ አደርጋለሁ፣ ትመለሳለች። እስከ ቤታችን ደጃፍ ድረስ ከሁለት ጣት በላይ አላስፈለገኝም።